የጋሽ ይመር አውጫጭኝ

የጋሽ ይመርን መርዶ ስሰማ ፊቴ ያለው ስክሪን ከላይ እስከ ታች ቀይ ነበር። ጠዋት ያስገባሁት አዲስ ኮምፓይለር አንዱንም ፈተና አላለፈም። አለቃችን ዳዊት በሩን ገርበብ አድርጎ ቆመና «ጋሽ ይመር አረፉ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው የሚቀበሩት» አለኝ። «እሺ» አልኩት። መርዶ ሲነገር እሺ ይባላል? ከአፌ የወጣው ግን እሱ ነው። የደከመ ሰው የሞት ወሬ ሲሰማ እንኳ መጀመሪያ የሚያስበው ያልጨረሰውን ሥራ ነው መሰለኝ። ስክሪኑን አጥፍቼ፣ ነጠላዬን ከወንበሩ ላይ አንስቼ ወጣሁ። ቀኑ የመካነ ሰላም ገበያ ነው። በጆንያና በበግ መሃል እየተጋፋሁ ወደ ቤታቸው ስወርድ፣ አንዱ የሽንኩርት ነጋዴ «ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺ?» ሲለኝ ነው ማልቀሴን ያወቅሁት።

ቢሮ መምጣት ካቆሙ ወዲህ የእሳቸውን ሥራ የምሠራው እኔ ነኝ። ስለዚህ ምን ያህል እንደሚያደክም አውቃለሁ። ለሌላ ሰው ማስረዳት ደግሞ ከሥራው ይብሳል። እሳቸው ራሳቸው ጎረቤት «ምንድን ነው የሚሠሩት ጋሽ ይመር?» ሲላቸው «መቀስ እስላለሁ» ብለው ያልፉ ነበር።

ድርጅታችን በፀሐይ ለሚሠሩ የውኃ ፓምፖች መቆጣጠሪያ ሳጥን ይሠራል። ሳጥኑ ውስጥ መዳፍ የምታህል ቦርድ አለች። በእሷ ላይ ሊኑክስ የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ይሠራል። ቦርዷ ትንሽ ስለሆነች የራሷን ፕሮግራም ራሷ ላይ ማዘጋጀት አትችልም፤ ቢሯችን ባለው ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ለእሷ በሚስማማ መልክ ይዘጋጅና ይጫንላታል። ይህን የሚያዘጋጁት መሣሪያዎች፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለርም፣ ተዘጋጅተው የተቀመጡ የኮድ ስብስቦች የሆኑት ላይብረሪዎችም፣ ሌላውም፣ አንድ ላይ ቱልቼይን ይባላሉ። ማናችንም አንድ መስመር ኮድ በቀየርን ቁጥር ኮምፒውተሩ በራሱ ሁሉን አዘጋጅቶ፣ መደርደሪያው ላይ ወደተደረደሩት ቦርዶች ልኮ ይፈትናል። ካለፈ አረንጓዴ፣ ከወደቀ ቀይ። የጋሽ ይመር ሥራ ያ ቱልቼይን እንዳይዛነፍ መጠበቅ ነበር።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነገሩ አልገባኝ ቢል በመስኮቱ የገበያውን ልብስ ሰፊ አሳዩኝ። «ያ ሰውዬ የሚሰፋው ለራሱ ነው?» አሉኝ። አይደለም አልኩ። «የሌላ ሰው ልክ ነው የያዘው። መቀሱ ከዶለዶመ፣ ሜትሩ ከተሳሳተ፣ እጅጌው ለባለቤቱ አይሆንም። እኔ ልብስ አልሰፋም የኔ ልጅ። መቀሱንና ሜትሩን ነው የምጠብቅ። ልብሱ ሲያምር የሚመሰገነው ሰፊው ነው፤ እጅጌው ሲያጥር ግን እኔ ነኝ የምጠራ።» ይህን ሲሉ አላማረሩም። የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገሩት።

ረዥም ናቸው፤ ትንሽ ጎበጥ ይላሉ። ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል እንዳይግል መስኮቱ ስለማይዘጋ፣ ያ የመካነ ሰላም ንፋስ ደግሞ ለማንም ስለማይራራ፣ ከኮታቸው በላይ ጋቢ ደርበው ነው የሚውሉት። መነጽራቸው አንዱ እግር ተሰብሮ በኤሌክትሪክ ቴፕ ተጠቅልሏል። ሥራ ሲያስጀምሩ «ቢስሚላህ» ብለው ቁልፉን በትንሿ ጣታቸው ነው የሚጫኑት። ለምን በትንሿ ጣት እንደሆነ ብጠይቃቸው «ትልቋ ትቸኩላለች» አሉኝ። ሌሎቻችን ሁሉም አረንጓዴ ሲሆን እናጨበጭባለን። እሳቸው ፊታቸው አይፈታም። «አረንጓዴ ማለት ያልጠየቅሽው ጥያቄ አለ ማለት ነው» ይላሉ። እንዲህ ዓይነት ሰው በቢሮ ውስጥ ማኖር ቀላል አይደለም። አንዳንድ ቀን ደስታዬን ስለቀሙኝ እናደድባቸው ነበር።

ብዙ ዘመን አዲስ አበባ ሠርተዋል። እናታቸው ሲያረጁ ለማስታመም መጡ፤ እናትየው ካረፉም በኋላ ቀሩ። ለምን አልተመለሱም ሲባሉ «አዲስ አበባ ሰው ይጨርሳል» ይሉና ትንሽ ቆይተው «መካነ ሰላምም ይጨርሳል፤ ግን ቀስ እያለ ነው» ይላሉ።

ከሁሉም የማልረሳው አውጫጭኛቸውን ነው። በድሮ ጊዜ በአገር ላይ ከብት ጠፍቶ ሌባው ካልታወቀ፣ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሌባው ሳይወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። የሚያውቅ ሰው ግን «እኔ አይቻለሁ» አይልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ነው የሚለው። የጋሽ ይመር አባት እንዲህ ያለውን ጉባኤ የሚመሩ ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው ያንን ወግ ወደ ቢሯችን አመጡት። ትናንት ይሠራ የነበረ ነገር ዛሬ ያለምክንያት ሲወድቅ በሩን ይዘጉና «አውጫጭኝ ተቀምጠናል» ይላሉ። ሁላችንም ከየጠረጴዛችን ተነስተን ዙሪያውን እንቀመጣለን። ምሳ የለም። ስልክ የለም።

«ወፍ ያላችሁ» ይላሉ።

አንድ ጊዜ ዳዊት ጉሮሮውን ጠረገ። «ወፍ እንደነገረችኝ፣ አንድ ሰው አንዷን ላይብረሪ አውጥቶ አዲስ አስገብቷል።»

«ወፏ ለምን እንደሆነ ነግራሃለች?»

«አዲሷ ፈጣን ስለሆነች ነው ብላለች።»

«እንግዲያ ለወፏ ንገራት። ፍጥነት ጥሩ ነው። ግን ቦርዷ አሮጌዋን ነው የምታውቅ። ሰውየው ወደነበረበት ይመልሰው።»

ሰውየው ራሱ ዳዊት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ማንም ግን አልሳቀም፤ የሳቅነው በኋላ ውጭ ወጥተን ነው። በሌላ መሥሪያ ቤት ስህተት የሠራ ሰው ስህተቱን ይቀብራል፤ እኛ ዘንድ ግን ወፍ ስላለች መዋሸት አያስፈልግም ነበር። እኔም ስንት ጊዜ በወፍ ስም ራሴን አጋልጫለሁ።

ከዚያ ኢንተርኔት የጠፋበት ያ ረዥም ጊዜ መጣ። መንገዱም አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነበር። እኛ ግን ሥራ አልፈታንም። ጋሽ ይመር ቀደም ብለው የእያንዳንዱን ኮምፓይለርና የእያንዳንዱን ላይብረሪ ቅጂ ቢሯችን ውስጥ አከማችተው ነበር። «የሰው ጎተራ አያጠግብም» ነው የሚሉት። ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር። ኢንተርኔት ከሌለ ኮምፒውተሩ ሰዓቱንና ቀኑን የሚጠይቀው ሰው የለውም።

ነገሩ የደረሰው በረመዳን ነው። ከወግዲ ወዲያ አፋፍ ላይ አንዲት መንደር አለች። ሴቶቿ ውኃ የሚቀዱት ከገደሉ ሥር ካለ ምንጭ ነበር፤ በጧት ወርደው እኩለ ቀን ላይ ነው የሚወጡት። ወይዘሮ ጦይባ የሚባሉ የመንደሩ የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ የወረዳውን ቢሮ ደጅ ሲጠኑ ከርመው ጉድጓድ አስቆፈሩ፣ ፓምፕም አስተከሉ። ፓምፑን የሚቆጣጠረው የእኛ ሳጥን ነው። በበጋ ግን የጉድጓዱ ውኃ ይወርዳል። ፓምፑ ውኃ ትቶ አየር ሲስብ ቶሎ ካልቆመ ሞተሩ ይቃጠላል። አሮጌው ፕሮግራማችን ይህን ለማወቅ ይዘገይ ነበር። እኔ ቶሎ የሚያቆም አዲስ ጻፍኩ፤ መፈተኛውንም አብሬ ጻፍኩ። ጋሽ ይመር አዘጋጁት። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። በፍላሽ ተላከ፤ ተጫነ።

ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ ጦይባ ደወሉ። ጋሽ ይመር ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ ከፍ አደረጉት።

«ጋሽ ይመር፣ ኸይር አይደለም። ሞተሩ ጨሰ፤ ሽታው መንደሩን ሞላው።»

«ሰው ተጎዳ?»

«አልሀምዱሊላህ፣ ሰው ደኅና ነው።»

«ሴቶቹስ?»

«ገደል ወርደዋላ። ወዴት ይሂዱ? በጾም አፋቸው ወርደዋል።»

ስልኩ ሲዘጋ ዳዊት ቀድሞ ተናገረ። «የመንደሩ ሰው ነካክቶት ይሆናል» አለ። ጋሽ ይመር ተነስተው በሩን ዘጉ። «አውጫጭኝ ተቀምጠናል» አሉ።

«ወፍ ያላችሁ።»

ወፍ ያለው አልነበረም። እሳቸው ወደ መንደሩ የላክነውን ፕሮግራም አወጡና ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አስተያዩት። እስከ መጨረሻዋ ፊደል አንድ ነው። አዲስ ብለን የላክነው አሮጌውን ነበር። ጋሽ ይመር ኮምፒውተሩ ሥራውን ሲሠራ መስመር በመስመር የጻፈውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምረው በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ጀመሩ። አንድ መስመር ላይ ጣታቸው ቆመች። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወፍ አያስፈልግም» አሉ። «እኔ ነኝ።»

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ቀኑን ረስቶ ነበር፤ ሰዓቱን የምትይዘው ባትሪ አርጅታለች። ኢንተርኔት ስለሌለ ራሱ ጠይቆ ማስተካከል አልቻለም። ጋሽ ይመር ጾም ይዟቸው፣ ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት ገደማ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ቀና ብለው አዩና ቀኑን በእጃቸው ሞሉ። የሞሉት የእኛን ዓመተ ምሕረት ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጆቹን ብቻ ነው። ስለዚህ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ። እኔ ያስገባሁት አዲስ ኮድ ከአሮጌው ፕሮግራም በፊት የተጻፈ መሰለው። ያልተለወጠ ነገር እንደገና ማዘጋጀት ደግሞ አይወድም፤ ቆጣቢ ነው። አዲሱን ኮድ ዘለለው። አዲሱን መፈተኛም ዘለለው። አሮጌው ፈተና አሮጌውን ፕሮግራም ፈተነና ሁሉም አለፈ።

ይህን ስህተት ሌላ አገር ያለ መሐንዲስ ልሥራው ብሎ ቢነሳ እንኳ አይችልም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የእኛ ውሻ ግን ጅቡ ሳይሄድ ነበር የጮኸው። ኮምፒውተሩ «የፋይሎቹ ቀን አልገባኝም» ብሎ በመስመሮቹ መሃል ጽፎ ነበር። መጨረሻው አረንጓዴ ስለሆነ ማን ያንብበው?

ዳዊት ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ጋሽ ይመር፣ ይህ ከወጣ ሌሎቹ ወረዳዎችም ይተውናል። ሞተሩ ሲመጣም ችግር ነበረበት እንበላቸው። እርስዎም አይጎዱ፤ ደክሞዎት ነው።»

«ደክሞኛል» አሉ። «እሱ ልክ ነው። ግን በአውጫጭኝ ሌባው ከታወቀ በኋላ አገሩ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሌባው ደግሞ ከብቱን ይመልሳል።»

ከብቱ ምን እንደሆነ የገባን ተነስተው ወደ ጥግ ሲሄዱ ነው። እዚያ ውኃ በሞላ በርሜል አጠገብ ፕሮግራሞቻችንን የምንፈትንበት እውነተኛ ሞተር ነበር፤ ከመንደሩ ጋር አንድ ዓይነት። ለዚያ ሞተር ሲሉ ስንት ደጅ እንደጠኑ አውቃለሁ። ያለ እሱ ፈተናችን ሁሉ የሐሰት ውኃ በሐሰት ፓምፕ መሳብ ነው። ብሎኑን ይፈቱ ጀመር።

«ጋሽ ይመር፣» አለ ዳዊት፣ «ያለ እሱ ምን ላይ ነው የምንፈትን?»

«እስከ ዛሬስ የፈተንነው ምን ላይ ነው? እነ ጦይባ ላይ አይደለም?»

ዳዊት እጅጌውን ሰብስቦ የሞተሩን ሌላኛ ጫፍ ያዘ። ለዚህች ሥራው እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

የኮምፒውተሩ ቀን ተስተካከለ። አሮጌው ሁሉ ተጠርጎ ቱልቼይኑ ከሥሩ እንደገና ተሠራ፤ አዲሱ ፕሮግራምም በእሱ ተዘጋጅቶ ፈተናውን አለፈ። በማግስቱ እኔና ጋሽ ይመር በአይሱዙ ወደ ወግዲ ሄድን፤ ሞተሩ ከኋላ በእህል ጆንያ መሃል ተቀምጧል። ያን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከወግዲ ወዲያ ያለውን ሞተሩ በአህያ፣ እኛ በእግር ሄድነው። ጋሽ ይመር በየመሃሉ ይቆማሉ። «ይረፉ» ስላቸው «አብሽሪ፣ ደርሰናል» ይላሉ፤ አልደረስንም ነበር።

መንደሩ ጉድጓዱ አጠገብ፣ ግራሩ ሥር ተሰብስቦ ጠበቀን። ጋሽ ይመር ዕቃው ሳይወርድ ቆመው ተናገሩ።

«እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ኮምፒውተሩ የፈረንጅ ቀን ነው የሚያውቅ። እኔ የኛን ዓመተ ምሕረት ጻፍኩበት። በዚህ ተሳስቶ አሮጌውን ፕሮግራም ላከላችሁ። አውፍ በሉኝ።»

አንድ ሽማግሌ በምርኩዛቸው ተደግፈው አስተዋሏቸው። «የኛን ዘመን ስለጻፉበት ነው ሞተሩ የነደደ?»

«አዎ አባቴ።»

«አጀብ ነው! ታዲያ የማንን ዘመን ሊጽፉበት ኖሯል?»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወይዘሮ ጦይባ ግን አልሳቁም። ጄሪካኑ የላጠው ትከሻቸው ላይ ጨርቅ አድርገዋል።

«አውፍ ብለናል ጋሽ ይመር» አሉ። «ውኃ ግን በአውፍ አይወጣም። ይሄኛውስ ቢነድ?»

«ለሱ ነው የመጣሁ።»

ሞተሩ ተተከለ፤ አዲሱ ፕሮግራም ተጫነ፤ ውኃው መጣ። እልልታው ሳያልቅ ጋሽ ይመር እጃቸውን አነሱ። «አሁን ጉድጓዱ እስኪደርቅ እንስባለን» አሉ።

ሴቶቹ ጮኹ። በበጋ፣ በጾም፣ ያለችውን ውኃ ጨርሶ መሳብ? አንዷማ «እኒህ ሰው ምን አረግናቸው?» አለች። እኔም ልቤ ከእነሱ ጋር ነበር። ቢሮ ሳለን አልፏል፤ ይበቃል ልላቸው ፈልጌ ነበር። ያ ሞተር ቢቃጠል ሌላ የለም። መንደሩም የለው፤ እኛም የለን።

ወይዘሮ ጦይባ ጠጋ አሉ። «እስኪደርቅ?»

«እስኪደርቅ። ውኃው ሲያልቅ ራሱ መቆም አለበት።»

«ካልቆመስ?»

«ካልቆመ እኔ ባለሁበት ይንደድ። ከሄድኩ በኋላ ቢነድ ማን አለላችሁ?»

ሴትዮዋ ጉድጓዱን አዩ፣ ሞተሩን አዩ፣ የጋሽ ይመርን የተሰነጠቀ ከንፈር አዩ። «ይሁን» አሉ። «ቢስሚላህ በሉ።»

መንደሩ ያለውን ዕቃ ሁሉ አመጣ። ጄሪካኑ፣ ባልዲው፣ ድስቱ ሞላ። የተረፈው ለከብቶቹ ገንዳ ወረደ። ጋሽ ይመር መሬት ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አድርገዋል። የውኃው ክር ቀጠነ፣ ተቆራረጠ፣ ቧንቧው መንተፋተፍ ጀመረ። የሞተሩ ድምፅ ወደ ላይ ወጣ። የማየው ፊታቸውን ብቻ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ግን ምንም አልነበረም። በዚያች ቅጽበት የጻፍኩት ኮድ አንዱም መስመር ትዝ አላለኝም። «አምላኬ» ነው ያልኩት።

ድምፁ ጠፋ።

«ነደደ!» ብላ አንዷ ጮኸች።

«አልነደደም» አሉ ጋሽ ይመር። «ወይዘሮ ጦይባ፣ እጅዎን ያድርጉበት።»

ወይዘሮ ጦይባ ፈራ ተባ እያሉ ነኩት። «ለብ ያለ ነው» አሉ።

«ቆመ። ራሱ ቆመ።»

ሰዉ እንደገና እልል ሊል ሲል አስቆሙት። ግማሹ ቀርቷል። ጉድጓዱ ሲያጠራቅም ደግሞ ማንም ሳይነካው ራሱ መነሳት አለበት። «እሱን ሳናይ አንላቀቅም» አሉና ወደ ግራሩ ሄዱ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ግንዱን ተደግፈው ተቀመጡ። እኔ የውኃውን ከፍታ ለማየት ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ። ስመለስ ተኝተዋል። አብሬያቸው በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ውጤቱ ሳይታወቅ ዓይናቸውን ሲከድኑ አይቼ አላውቅም። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል። መነጽራቸው ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ተንሸራቷል።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ሞተሩ አጉረመረመ። ማንም አልነካውም። ቧንቧው ሁለት ጊዜ ተፋ፣ ከዚያ ውኃው ደርዝ ይዞ ወረደ። ልቀሰቅሳቸው ተነሳሁ። ወይዘሮ ጦይባ ክንዴን ያዙኝ።

«ተያቸው፣ ይተኙ።»

«ማየት አለባቸው» አልኩ። «ለዚህ ነው የመጡት።»

«ስንቱን ሲያዩ ኖረዋል! ዛሬ እኛ እንይላቸው።»

ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ሴቶቹ ጄሪካኖቹ እንዳይጋጩ በእቅፋቸው ይዘው፣ የዕቃውን አፍ ለቧንቧው ዘንበል እያደረጉ፣ ተራ በተራ ቀዱ።